ድርቅ የሌለበት ረሃብ፦ በአንድ ታሪካዊ ልቦለድ አርትዖት ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ይህ ጽሑፍ በአማርኛ የተጻፈ፣ ባለታሪኳ ግን አየርላንዳዊት የሆነች አንድ ታሪካዊ ልቦለድ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ቅጂ ያለፈበትን ሂደት ይመዘግባል። እኔ የረቂቁ አርታኢ ነበርኩ። ደራሲዋን፣ ረቂቁን ያነበቡልንን ሰዎችና የልቦለዱን ርዕስ አልጠቅስም፤ በስም የማነሣቸው በታሪክ መዝገብ የታወቁትን ብቻ ነው። ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግሁት ረቂቁ ላይ ያገኘነው ትልቁ ስህተት ከአላዋቂነት ስላልመጣ ነው። ደራሲዋ ረሃብን ከቤተሰቧ ተረክ በደንብ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን የእኛን ረሃብ ነበር፣ የጻፈችውም እሱኑ ነበር፤ ስሞቹ ብቻ የአየርላንድ ሆኑ።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ይህ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ራሱ አንዱ የችግራችን ምንጭ ስለነበር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መነሻ

ደራሲዋ ብዙ ዓመት የኖረችው በደብሊን ነው። ወደ ሥራ የምትሄድበት መንገድ ሮያል ካናል የሚባለውን አሮጌ የጀልባ ቦይ ተከትሎ የሚሄድ ሲሆን፣ በቦዩ ዳር ከነሐስ የተሠሩ ጥንድ የሕፃን ጫማዎች እዚህም እዚያም ቆመው ታያለች። ለረጅም ጊዜ ትርጉማቸውን ሳትጠይቅ አልፋቸዋለች። በኋላ እንደተረዳችው፣ ከ30 በላይ የሚሆኑት እነዚህ ጫማዎች የተተከሉት ስትሮክስታውን ከምትባል የሮስኮመን አውራጃ ከተማ እስከ ደብሊን በሚደርሰው የ165 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ላይ ነው። በግንቦት 1847 ከስትሮክስታውን ርስት የተነሡ 1,490 ጭሰኞች ይህንን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው በደብሊን በኩል ወደ ሊቨርፑል፣ ከሊቨርፑልም በአራት መርከቦች ወደ ካናዳ ተልከዋል። ልቦለዱ የተወለደው ከዚህ ነው። ባለታሪኳ ከ1,490ዎቹ አንዷ የሆነች፣ ደራሲዋ የፈጠረቻት የ19 ዓመት ልጃገረድ ናት።

ሁለተኛ መነሻም ነበረ። አየርላንዳውያን ያንን ዘመን በራሳቸው ቋንቋ በሁለት ስም ይጠሩታል። አንዱ «አን ጎርታ ሞር» ነው፣ ታላቁ ረሃብ ማለት ነው። ሌላው «አን ድሮኽሂል» ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ክፉው ዘመን» ከማለት የተሻለ ቃል አይገኝለትም። ደራሲዋ ይህንን ስትሰማ አያቷ ከእናታቸው ሰምተው ያወሩላት የነበረው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን ወዲያው ትዝ አላት። እንደ ነገረችኝ፣ የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች በአንድ ወር ጽፋ የጨረሰችው በዚያ ስሜት ነው። የስሞቹ መመሳሰል እውነተኛ ነው፤ ችግሩን ያመጣውም እሱ ነው።

የታሪኩን ዳራ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። በ1841 በተካሄደው ቆጠራ የአየርላንድ ሕዝብ 8.2 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1851 ቆጠራ ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። መነሻው በ1845 መጸው የታየው የድንች በሽታ ነው። በሽታው በዚያ ዓመት የምርቱን ከፊል አጠፋ፣ በ1846 ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ አወደመው። በ1847 የበቀለው ድንች ጤነኛ ነበር፤ ነገር ግን ዘሩ ክረምቱን ተበልቶ ስላለቀ የተተከለው ጥቂት ነበር። በ1848 በሽታው እንደገና ተመለሰ።

ረቂቁ በእጄ ሲገባ

ስህተቶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በቀላሉ የሚታዩና በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው። ባለታሪኳ በ1847 ኒውዮርክ ደርሳ በኤሊስ ደሴት ትመዘገባለች፣ ከመርከቡም ላይ ሆና የነጻነት ሐውልትን ታያለች፤ ሐውልቱ የተመረቀው በ1886፣ የኤሊስ ደሴት መቀበያ የተከፈተው ደግሞ በ1892 ነው። በመርከብ ላይ ደግሞ ተስቦ እንዳይዛት ብላ ልብሷን በፈላ ውሃ እየቀቀለች ቅማሉን ትገድላለች፤ ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ያረጋገጠው በ1909 ስለሆነ፣ ይህች ልጅ ከዘመኑ ሐኪሞች ሁሉ በ60 ዓመት ቀድማ ነበር ማለት ነው። ደራሲዋ በዚህ ራሷ ስቃበታለች።

የዘመን አቆጣጠሩ ስህተት ግን አላሳቀንም። ደራሲዋ ማስታወሻዎቿን የያዘችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር፤ ወደ ጎርጎርዮስ ስትመልስም በሁሉም ላይ 8 ዓመት ጨመረች። ግንቦት 1839 ግንቦት 1847 ሆነ፣ ይህ ትክክል ነው። መስከረም 1839 ግን መስከረም 1846 መሆን ሲገባው እሱም 1847 ሆነ። በዚህም የተነሣ ሰውን ሁሉ ያፈናቀለው የ1846 ጥፋት ባለታሪኳ ከተሰደደች ከአራት ወር በኋላ ተከሰተ። ሦስት ምዕራፍ ቅደም ተከተሉን ያጣው በዚህ አንድ የሒሳብ ስህተት ምክንያት ነው፤ እኔም በሁለተኛው ንባብ እንጂ በመጀመሪያው አላየሁትም።

ሁለተኛው ዓይነት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነቅሶ የሚወጣ አልነበረም። የረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ «ሰማዩ ዝናብ ነሥቶ፣ ምድሪቱ ተሰነጣጥቃ» በሚል ይከፈታል። በአየርላንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የድንቹ በሽታ የሚስፋፋው በእርጥብና ሞቅ ባለ አየር፣ በጭጋግና በካፊያ ነው፤ ሣሩ ለምልሞ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ላሚቷ ጠግባ እያለች ሰው የሚራብበት ረሃብ ነበር። ደራሲዋ ይህን በጽሑፍ አንብባዋለች። ብዕሯ ግን «ረሃብ» የሚለውን ቃል በጻፈ ቁጥር ከኋላው «ድርቅ» ተጎትቶ ይመጣል። በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሁለቱ ቃላት እንደ መንታ ልጆች አብረው የሚኖሩ ስለሆኑ አልፈርድባትም፤ እኔም ያንን ገጽ መጀመሪያ ሳነብ ምንም አልጎረበጠኝም።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሁሉ የዚሁ ቅርንጫፎች ናቸው። የባለታሪኳ አባት በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ እህሉን በጎተራ ያስቀምጣል፤ ለባለርስቱ ሲሶ ይከፍላል፤ በሬዎቹ ይሞታሉ፣ ረሃቡም ይገባል። ይህ ከሞላ ጎደል የክፉ ቀን ታሪክ ነው፤ በክፉ ቀን ከብት የፈጀው በሽታ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቶት ነበርና። የሮስኮመን ድሀ ጭሰኛ ግን የድንች መሬቱን የሚያዘጋጀው በአካፋ ነው፤ አፈሩን ከሁለት ወገን ገልብጦ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል። ጎተራ የሚባል የለውም፤ ድንች ከጥቂት ወራት በላይ ስለማይቆይ ያለፈው ዓመት ትርፍ ለዘንድሮ አይደርስም፤ በደጉ ዘመንም ቢሆን አሮጌው ድንች አልቆ አዲሱ እስኪደርስ ያሉት የበጋ ሳምንታት የችጋር ሳምንታት ነበሩ። ኪራዩን የሚከፍለው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ታሪኩን ትተን የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ማስላት ነው። ደራሲዋ ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት፣ አነስተኛ ቁራሽ መሬት፣ አንድ አሳማና ጥቂት ዶሮ ይዛ ቁጭ አለች። በዚያ ዘመን አንድ የቀን ሠራተኛ ጎልማሳ በቀን እስከ 6 ኪሎ ድንች ይበላ ነበር፤ ከአሬራ ጋር። መሬቱ ላይ የሚበቅለው አጃ ግን አይበላም፤ ይሸጣል። አሳማውም ይሸጣል። ሁለቱ ኪራዩን ይከፍላሉ። ስለዚህ ድንቹ ሲበሰብስ ቤተሰቡ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፦ አጃውን በልቶ ኪራይ ማጣትና መባረር፣ ወይም አጃውን ሸጦ ኪራይ መክፈልና መራብ። አሳማውም ይመገብ የነበረው ከዚያው ድንች ስለሆነ አብሮ ይሄዳል።

ይህ ስሌት ሁለት ገጽ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የልቦለዱን ሦስተኛ ምዕራፍ እንዳለ ለወጠው። ቀደም ሲል ምዕራፉ አባትየው ሰማይን እያየ የሚለምንበት ረጅም ትዕይንት ነበር። አሁን እናትና አባት ጥግ ላይ በተቀመጠ አንድ ከረጢት አጃ ፊት ቆመው ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩበት ሆነ። አባት ይሸጥ ይላል፣ እናት ይበላ ትላለች፣ ባለታሪኳ ተኝታ የመሰለች ሆና ትሰማለች። ከመላው መጽሐፍ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ረድፍ ያለው የቀን ሰሌዳ ሠራን። በአንዱ ረድፍ መንግሥት ያደረገው፣ በሁለተኛው በርስቱ ላይ የሆነው፣ በሦስተኛው በባለታሪኳ ቤት የሚሆነው ተጻፈ። በመጀመሪያው ረድፍ የገቡት እነዚህ ናቸው፦ አየርላንድን ያስተዳድር የነበረው የብሪታንያ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል በ1845 መጨረሻ ከአሜሪካ 100,000 ፓውንድ የሚያወጣ በቆሎ እንዲገዛ ማድረጋቸው፤ በ1846 በጋ በቦታቸው የገባው የጆን ራስል መንግሥት በገበያ ጣልቃ መግባትን ጠልቶ እርዳታውን በመንገድ ሥራ ላይ ማዋሉ፤ በመጋቢት 1847 ከ700,000 በላይ ሰው፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ በዚያ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጥና አፈር ይሸከም የነበረ መሆኑ፤ ደመወዙ የእህልን ዋጋ ሊከተል አለመቻሉ፤ ከዚያም ሥራው ቆሞ የሾርባ ማደያዎች መከፈታቸው፣ በሐምሌ 1847 በቀን ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው መመገባቸውና በመጸው መዘጋታቸው።

በሁለተኛው ረድፍ የገባው ጠባብ ቢሆንም ለልቦለዱ የበለጠ ጠቃሚ ነበር። ርስቱን በ1845 የወረሰው ሜጀር ዴኒስ መሃን ነው። ጭሰኞቹ የዓመታት ውዝፍ ኪራይ ነበረባቸው። የርስቱ ወኪል ሰዎቹን በመርከብ ወደ ካናዳ መላክ በድሆች መጠለያ አንድ ዓመት ከመቀለብ በግማሽ ያህል እንደሚረክስ አስልቶ ነበር፤ የመጠለያው ወጪ የሚሸፈነው በአካባቢው ባለርስቶች ላይ ከሚጣል ግብር ነውና። የድሆች መጠለያ የምለው ባልን ከሚስት፣ እናትን ከልጅ ለይቶ በየክፍሉ የሚያስገባ፣ ጉልበትን በቀለብ የሚለውጥ ግቢ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ከመግባት ሞትን ይመርጥ እንደ ነበር ይነገራል።

ሦስተኛው እርምጃ መድረሻውን መለወጥ ነበር። ኒውዮርክ ቀረና ባለታሪኳ ታሪክ ወዳደረሳቸው ቦታ፣ በሴይንት ሎረንስ ወንዝ ላይ ወዳለችው የግሮስ ኢል ለይቶ ማቆያ ደሴት ደረሰች። ከአራቱ መርከቦች አንዱ የሆነው ቨርጂኒየስ 476 ተሳፋሪ ይዞ በግንቦት መጨረሻ ከሊቨርፑል ተነሥቶ በሐምሌ መጨረሻ ሲደርስ 158ቱ በባሕር ላይ ሞተው ነበር። በደሴቲቱ ላይ በዚያው ዓመት ከ5,000 በላይ ሰው ተቀብሯል። ደራሲዋ መጀመሪያ ይህንን ለውጥ ተቃውማ ነበር፣ «አንባቢ አሜሪካን ይጠብቃል» አለችኝ። ሐሳቧን የቀየረችው ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ብዙ ሕፃናት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ የኩቤክ ቤተሰቦች እንዳሳደጓቸው፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የአየርላንድ ስማቸውን እንደ ያዙ መቅረታቸውን ስታነብ ነው። የባለታሪኳ ታናሽ ወንድም መጨረሻ ከዚያ ተገኘ።

የሠራልን

በመጀመሪያ የሠራው የቀለቡ ስሌት ነው፤ ከዚህ በላይ ተናግሬዋለሁ።

ሁለተኛው የአክብሮት አነጋገር ነው። ባለታሪኳ ቤት የሚነገረው አየርላንድኛ ሲሆን፣ የርስቱ ወኪል እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ሁለቱም አማርኛ ይሆናሉ፤ የቋንቋው ግድግዳ ይጠፋል። ነገር ግን አማርኛ ሌላ መሣሪያ አለው። ወኪሉ የ60 ዓመቱን አያት «አንተ» ሲል፣ አያትየው ልጃቸው የሚሆነውን ወኪል «እርስዎ» ሲሉት፣ የአማርኛ አንባቢ ያለ አንዲት መስመር ማብራሪያ የርስቱን ሥርዓት ይረዳል። ከዚህም ጋር ደራሲዋ በወኪሉ ትዕይንቶች ባለታሪኳ የምትሰማውን ቆራርጣ ጻፈችው፦ ጥቂት ቃል ትይዛለች፣ ሌላውን ከፊቱ ታነባለች። ሁለቱ ተደምረው ግድግዳውን መለሱት።

ሦስተኛው ሙሾ ነው። የአየርላንድ ገጠር ሴቶች በሬሳ ላይ ግጥም እየደረደሩ የማልቀስ የቆየ ልማድ ነበራቸው፤ በሙያው የታወቁም ሴቶች ነበሩ። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰውም ከመሄዱ በፊት ባለው ሌሊት እንደ ሞተ ሰው የሚለቀስበት ልማድ በኋላ በሰፊው ታውቋል። ለዚህ አማርኛ የሚበደረው ነገር የለም፤ «ሙሾ»፣ «አልቃሽ»፣ «ሙሾ አውራጅ» የሚሉት ቃላት ልክ ገቡ። የአገራችን ልማድ ለአየርላንዱ ታሪክ ያለ አንዳች ማዛባት የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ሙሾ እዚያም አለ፣ ጎተራ ግን እዚያ የለም። የትኛው ቃል ይገባል፣ የትኛው አይገባም የሚለውን በጣዕም መወሰን አይቻልም፤ ነገሩ በዚያ አገር መኖሩን በማጣራት ብቻ ነው።

«ጭሰኛ» እና «ባለርስት» የሚሉት ቃላት መሐል ላይ ቆመው አስቸገሩን። «ጭሰኛ»ን አቆየነው፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ የተቀመጠ፣ በፈቃድ የሚባረር ሰው ማለት ስለሆነ ይበቃል። «ሲሶ»ን ግን ከመላው ረቂቅ አወጣን፣ «ምስለኔ»ንም «የርስቱ ወኪል» በሚል ተካን። በ«ሲሶ» ፋንታ «ኪራይ» የሚለውን ስናስገባ ደራሲዋ ቃሉ የከተማ ቤት ኪራይ ይመስላል ብላ ቅር ተሰኝታ ነበር። ልክ ነበረች፣ ይመስላል። ነገር ግን የዚያ ረሃብ ክፋት ያለው በዚህ ገንዘባዊ ደረቅነት ውስጥ ስለሆነ ይምሰል ተባባልን።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። የቀን ሰሌዳው ከተሠራ በኋላ ደስ ብሎኝ ደራሲዋን ቁጥር እንድታስገባ ገፋፋኋት። አራተኛው ምዕራፍ የመንግሥት ሪፖርት ሆነ፤ የመንገድ ሥራው ስንት ሰው እንደ ቀጠረ፣ በቆሎው በስንት እንደ ተገዛ፣ ሁሉም በባለታሪኳ ሐሳብ ውስጥ እየመጣ። ለሙከራ ካነበቡልን አምስት ሰዎች ሦስቱ መጽሐፉን ያስቀመጡት እዚያ ምዕራፍ ላይ ነው። ደብሊንን ማየት ቀርቶ ከመንደሯ ወጥታ የማታውቅ ልጅ 700,000 የሚባል ቁጥር ከየት ታመጣለች? ቁጥሮቹ ወጡ፤ ከበቆሎው የቀረው የማያውቁትን እህል ደኅና አድርገው ሳይፈጩና ሳያበስሉ የበሉት ልጆች የሆድ ቁርጠት ብቻ ነው።

ሁለተኛውም የእኔ ነው። ባለታሪኳ ከመሄዷ በፊት በሾርባ ማደያ ወረፋ እንድትቆም ሐሳብ ሰጥቼ ነበር፣ ደራሲዋም 12 ገጽ ጻፈች። ማደያዎቹ በሙሉ አቅማቸው የሠሩት ግን እርሷ ከሄደች በኋላ በበጋው ነው። ገጾቹን ከመጣል ይልቅ ትዕይንቱን ለቀረችው እናት ሰጠናት፤ ነገር ግን የተሰፋበት ቦታ ዛሬም ይታወቀኛል።

ሦስተኛ፣ የአየርላንድኛውን ንግግር በጎጃም ገጠር አነጋገር፣ የእንግሊዝኛውን በአዲስ አበባ አማርኛ ለመለየት ሞከርን። በወረቀት ላይ ብልህ ሐሳብ ይመስል ነበር። ከአንባቢዎቻችን አንዲቱ፣ ጎጃም ያደገች፣ «ሮስኮመን ውስጥ የደብረ ማርቆስ ገበያ ገባሁ» ብላ ጻፈችልን። በማግስቱ ተውነው።

አራተኛው አልሠራም የምለው አከራካሪ ነው። መሃን ኅዳር 2 ቀን 1847 ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ደራሲዋ ተኳሹን የባለታሪኳ ታላቅ ወንድም ለማድረግ ፈልጋ ነበር፤ ሴራውን ይዘጋላት ነበርና። እኔ ተቃወምሁ፦ በግድያው ተከስሰው የተሰቀሉ ሰዎች በስም ይታወቃሉ፤ የእነርሱን ሞት ለተፈጠረ ሰው መስጠት አግባብ አይመስለኝም። በመጨረሻ ባለታሪኳ ወሬውን ሞንትሪያል ሆና ትሰማለች፣ በማን እንደ ተገደለ አይነገራትም። ሴራው ግን ልል ሆኖ ቀረ፣ ይህንንም ሁለት አንባቢዎች ሳይነገራቸው አይተውታል። ደራሲዋ አሁንም የእኔ ጥንቃቄ መጽሐፉን ዋጋ አስከፍሎታል ብላ ታምናለች።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ስለ ሌላ አገር ረሃብ፣ ስደት ወይም ጦርነት በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ዋናው አሠራር፣ ገጸ ባሕርይው ምን እንደሚሰማው ከመጠየቅ በፊት ምን እንደሚበላ፣ ያንን ምግብ ማን እንደሚያመርተው፣ የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚከፈልበት መጻፍ ነው። ይህ ሁለት ገጽ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ቢሠራ ደግሞ እኛ በኋላ የጣልነውን 60 ገጽ ያተርፋል። የራስን ረሃብ ማወቅ እዚህ ላይ ጠላት አይደለም። ደራሲዋ ከአያቷ የሰማችው አንድ ነገር፣ ሰው በረሃብ ሊሞት ሲቃረብ ጎረቤት እንዳያየው በሩን መዝጋቱ፣ በአየርላንድም በሰፊው የተነገረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከቤት የመጣውን ሁሉ መጣል አይገባም፤ እያንዳንዱን ለብቻ አንሥቶ መመርመር እንጂ።

ዘመን አቆጣጠርን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ በአንዱ ብቻ ይሠራ። መቀየር የግድ ከሆነ ወሩን ሳያዩ ዓመቱን አለመቀየር።

ደራሲው የሚያውቀውን ነገር ለገጸ ባሕርይው አለመስጠት ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ቅማሉ ቀላል ምሳሌ ነበር። ከባዱ ምሳሌ የ1847ቱ ሕግ ነው። በሰኔ 1847 የወጣው የድሆች ሕግ ማሻሻያ ውስጥ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ የመንግሥት እርዳታ እንዳያገኝ የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። እኛ ይህንን እናውቃለን፤ መሄዷ ትርፍ ይሁን ኪሳራ የምንመዝነውም ከዚህ ተነሥተን ነው። ባለታሪኳ በቦዩ ዳር ስትራመድ ግን የምታውቀው ከኋላዋ ቤቷ መፍረሱንና ከፊቷ መርከብ መኖሩን ብቻ ነው። ደራሲዋ በመጀመሪያው ረቂቅ ልጅቱን ቆራጥና ብሩህ ተስፋ ያላት አድርጋት ነበር። በመጨረሻው ቅጂ የጉዞው ስድሳ ገጽ ውስጥ «ተስፋ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሁለቱም ጊዜ የሚናገሩት መርከቡን የሚያስሳፍሩት ሰዎች ናቸው።

እውነተኛውን መርከብ በስም መጥራትን በተመለከተ በመካከላችን ስምምነት አልነበረም። እኔ ቨርጂኒየስ ተብሎ ይጠራ ብዬ ነበር። ደራሲዋ የ158ቱ ሙታን ቤተሰቦች ዘር ዛሬም በሁለቱም አገር እንዳሉ፣ ከመካከላቸው ተነሥቶ «ይህች ልጅ በዝርዝሩ የለችም» የሚል ሊኖር እንደሚችል ተናግራ አልቀበልም አለች። በመጽሐፉ መርከቡ ስም የለውም። እርሷ ስለ መሃን ገዳዮች የእኔን ጥንቃቄ በተቸችበት አንደበት ስለ መርከቡ ራሷ ከእኔ በላይ መጠንቀቋን በጊዜው አንስቼባት ተሳስቀናል፤ አሁን ግን በመርከቡ ጉዳይ ትክክል እርሷ ነበረች እላለሁ።

ረቂቁ አሁን ያለበት

የመጨረሻው ቅጂ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ የቀረን ክርክር ስለ አንድ ቃል ነበር። የድንቹን በሽታ ምን እንበለው? ደራሲዋ «ዋግ» ብላው ነበር። ዋግ ግን የስንዴና የገብስ ነው፤ በአንባቢው ፊት የሚያመጣውም የእህል ማሳ ነው። የሳይንሱን ስም ባለታሪኳ ልታውቀው አትችልም፤ በጊዜው ሊቃውንቱ ራሳቸው ምክንያቱ እርጥበት ነው፣ የለም ሻጋታ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። «መቅሠፍት» የሚለውን ካህኑ ይጠቀሙበታል፣ ለቤት ውስጥ ንግግር ግን ከበደ።

ከዘመኑ የተረፉት ትዝታዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር ሽታውን ነው፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ከመታየቱም በፊት ከማሳው የሚነሣውን የብስባሽ ሽታ። ስለዚህ በባለታሪኳ ቤት በሽታው ሌላ ስም የለውም፣ «ሽታው» ይባላል። አባት በሌሊት ከደጅ ገብቶ «ሽታው መጥቷል» ይላል፣ ምዕራፉ በዚያ ያልቃል።

የመጀመሪያው የማተሚያ ናሙና ሲመጣ ፊደል ለቃሚው ቃሉን የፊደል ግድፈት መስሎት በ11 ቦታ «በሽታው» ብሎ አርሞታል። ሁሉንም አንድ በአንድ መልሰናቸዋል።